ለጅዳዋ እህታችን እንደምንቆጣው ለቆቦዋም እንቆጣ



በራያ ቆላ፣ ከቆቦ እስከ ሮቢትና ጎብዬ፣ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። አንዷ ጅዳ ናት፣ ሌላዋ ሪያድ፣ ሌላዋ ኩዌት። ስልክ ሲደወል እናት አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ደመወዝ አይደለም። «ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» ነው የምትለው። በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ብዙ ነገር አለ። አባወራው እንዴት ያይሻል? ጎረምሳው ልጅ አያስቸግርሽም? የምትተኚበት ክፍል ቁልፍ አለው? ማለቷ ነው። እናት በግልጽ አትጠይቅም፣ ልጅም በግልጽ አትመልስም፤ ግን ይግባባሉ።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ ከተመላሽ እህቶቻችን የሰማነው ገና ከጆሯችን አልወጣም። ያኔ ሁላችንም ተቆጥተን ነበር። ዛሬም አንዲት እህት አሠሪዋ በደላት ሲባል በየገጹ እንጽፋለን፣ እንጮኻለን። ልክ ነን። ዙልም ነውና ሊጮኽበት ይገባል።

አሁን ግን አንድ ነገር እንጠያየቅ። ቆቦ ላይ ዋናው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ሻይ የምታቀርበው ልጅስ፣ እናቷ ስትደውልላት ምን ብላ ትጠይቃታለች? ያንኑ ነው፤ «ሰዎቹ እንዴት ናቸው?» ትላታለች። እዚህ ላይ «ሰዎቹ» የተባልነው እኛ ነን። ሆቴሉ የእኛ ነው፣ ሱቁ የእኛ ነው፣ የሽንኩርት ማሳው የእኛ ነው፣ ደንበኛውም እኛው ነን። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይደርስ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሥራ ቦታ ትንኮሳ ነው። በተለይም አሠሪው ነገሩ ከመድረሱ በፊትና ከደረሰ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት እንነጋገራለን።

ትንኮሳ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ትንኮሳ ሲባል የሚመጣልን መደፈር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ «ጨዋታ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እጇን ይዞ አለመልቀቅ ጨዋታ ይባላል። ሒሳብ ስትቀበል «ለአንቺ ከሆነ እጥፍ እከፍላለሁ» ማለት ጨዋታ ይባላል። ሌሊት በቴሌግራም «ተኛሽ?» እያሉ መጻፍ፣ «ሒጃብሽን ፈታ አድርጊው፣ ደንበኛ እየሸሸ ነው» ማለት፣ የቀን ሒሳቧን ለመስጠት «ማታ ብቻሽን ነይና ውሰጂ» ብሎ መቅጠር ሁሉ ጨዋታ ተብሎ ያልፋል።

ሕጉ ግን ጨዋታ አይለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ሲተረጉም፣ ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማማ በቃል፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ ማግባባት ነው ይላል። ኃይል ከተጨመረበት ወይም ኃይል ለመጠቀም ከተሞከረ ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። አሠሪም ሆነ የሥራ መሪ በሥራ ቦታ ይህን እንዳያደርግ በአንቀጽ 14 ተከልክሏል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ግንኙነት የፈጸመባትን ሰው፣ አሠሪም ሆነ አስተማሪ፣ እሷ አቤት ካለች በእስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሕጉ የሚያየው «እሺ አለች ወይስ እንቢ አለች» የሚለውን ብቻ አይደለም። የእንጀራዋ ገመድ በማን እጅ እንዳለም ያያል። ቤተሰቧ የላከችውን ብር የሚጠብቅ ልጅ «እሺ» ስትል፣ ያ እሺታ ከፍርሃት የመጣ ሊሆን እንደሚችል የማይገባው የለም።

የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ሱረቱ ዩሱፍን ያላነበበ፣ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን ስለ ዩሱፍ ትዕግሥትና ውበት ነው። እስቲ ታሪኩን በሠራተኛ ዓይን እናንብበው።

አንድ ወጣት ከአገሩ ርቆ በሰው ቤት ያድራል። በቤቱ ላይ ሥልጣን ያላት ሴት በር ዘግታ ታስገድደዋለች። ሲሮጥ ልብሱን ከኋላ ትቀደዋለች። በሩ ላይ ባለቤቷን ሲያገኙት ቀድማ የከሰሰችው እሷ ናት። ከዚያ ምን ሆነ? ከራሷ ቤተሰብ የሆነ ሰው «ልብሱን እዩት» አለ። ከፊት ከተቀደደ እሷ እውነተኛ ናት፣ ከኋላ ከተቀደደ እሱ እውነተኛ ነው። ማለትም ማን ትልቅ ማን ትንሽ እንደሆነ ሳይሆን ማስረጃ ታየ። ልብሱ የተቀደደው ከኋላ ነበር።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ባለቤቷ ግን እውነቱን ካወቀ በኋላ ዩሱፍን «ይህን ነገር ተወው» ነው ያለው። ነገሩ እንዲዳፈን ፈለገ። አልተዳፈነም፤ በከተማው ተወራ። በመጨረሻም ንጹሕነቱን የሚያሳየውን ምልክት ካዩ በኋላ እስር ቤት የገባው የተበደለው ሆነ። ዓመታት አልፈው ንጉሡ ሲያስጠራው ደግሞ ዩሱፍ ወዲያው አልወጣም። በመጀመሪያ የሴቶቹ ጉዳይ ይጣራ አለ። ስሙ ሳይጠራ መውጣት አልፈለገም።

ከዚህ በላይ ግልጽ ትምህርት ከየት ይመጣል? የሚተነኮሰው ሴት ብቻ አይደለም፣ ወንድም ይተነኮሳል። የሚያሳጣው ሥልጣን ነው። አቤቱታ በማስረጃ ይጣራል። «ተወው፣ ተይው» የሚል አሠሪ ደግሞ ነገሩን አያጠፋውም፤ ቅጣቱን ከበዳዩ ወደ ተበዳዩ ያዞረዋል።

ከመድረሱ በፊት፦ ለአምስት ሠራተኛ አሠሪ

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ትልቅ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ይኖረዋል። የእኛ ከተማ የሥራ ቦታ ግን አብዛኛው ቁርስ ቤት፣ ጁስ ቤት፣ ልብስ ስፌት፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤት ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውሃ የሚለማው ማሳ ላይ ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚለቅሙ የቀን ሠራተኞች አሉ። አራት አምስት ሠራተኛ ያለው ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ብዙ ይችላል፤ ብዙው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

አንደኛ፣ ሲቀጥር ይናገር። «እዚህ ቤት ማንም እጁን አያነሳብሽም፣ ማንም በነገር አይነካካሽም። እኔም ብሆን፣ ወንድሜም ቢሆን፣ ደንበኛም ቢሆን። ከተደረገብሽ ንገሪ፤ በመናገርሽ ከሥራ አትወጪም።» ይህን ሌሎቹ ሠራተኞች ባሉበት መናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጅቷ በር እንዳላት ታውቃለች፣ ሌላውም ድንበር እንዳለ ይሰማል። በቃል የተቀጠረ ሠራተኛም ከሕጉ ጥበቃ አይወጣም። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥ ይገባል። እዚያው ወረቀት ላይ ይህን ቃል ይጨምርበት።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ያስተካክል። ባዕድ ወንድና ሴት ብቻቸውን እንዳይሆኑ ዲናችን ያዘዘውን ሁላችንም እናውቃለን። ትእዛዙን ግን ሁልጊዜ የምናስታውሳት ለልጅቷ ነው፤ «ምን ልትሠሪ ገባሽ?» እንላታለን። ወደ መጋዘን ብቻዋን ግቢ ያላት ማን ነው? ሱቁ እስኪዘጋ ቆዪ ያላትስ? የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው? በአሠሪው እጅ ነው። ስለዚህ ኸልዋን መከላከል መጀመሪያ የአሠሪው አማና ነው። ዕቃ ሲቆጠር ሁለት ሠራተኛ ይግባ። ማታ የምትወጣ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ትውጣ፣ ወይም የታወቀ ባጃጅ ይጠራላት። እዚያው የምታድር ከሆነች ክፍሏ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን።

ሦስተኛ፣ የካቦውን ሥልጣን ይቀንስ። በማሳ ሥራ ስም የሚጽፈውም፣ ለነገ የሚመርጠውም፣ ገንዘብ የሚያድለውም አንድ ካቦ ከሆነ ሴቶቹ በእሱ እጅ ናቸው። ስም የሚጽፈው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ይሁን። ክፍያም በቀን ብርሃን፣ ሁሉም ባለበት ይፈጸም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል። ደመወዝ በዘገየ ቁጥር ለማስፈራሪያ መንገድ ይከፈታል፤ በሰዓቱ የተከፈላት ልጅ «ማታ ነይና ውሰጂ» አትባልም።

አራተኛ፣ ደንበኛን ይቆጣ። አስተናጋጅ ስታለቅስ «ቻይው፣ ጥሩ ደንበኛ ነው» የሚል የሆቴል ባለቤት የልጅቷን ክብር ከምሳው ጋር አብሮ እየሸጠ ነው። «ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ምግብ ነው የምንሸጠው» ብሎ አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደረገ ባለቤት ያንን ደንበኛ ቢያጣ እንኳ ቤተሰብ ይዘው የሚገቡ አሥር ያገኛል።

አምስተኛ፣ ሁለት ጆሮ ያዘጋጅ። ተንኳሹ ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ወንድም ከሆነ ልጅቷ ለማን ትናገር? ስለዚህ አቤት የምትልበት ሰው ሁለት ይሁን። አንዷ ሴት ትሁን፤ አንደኛው ደግሞ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ፣ የሚከበር ሰው ይሁን።

ከደረሰ በኋላ

የመጀመሪያው ቀን ወሳኝ ነው። ሠራተኛዋ መጥታ ስትናገር አሠሪው ይቀመጥና ይስማት። «ምን ለብሰሽ ነበር?»፣ «ለምን ቶሎ አልተናገርሽም?» አይበላት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል ይጻፈው። መልእክት ካለ ከስልኳ እንዳታጠፋው ይንገራት። ያየ፣ የሰማ ካለ ለየብቻ ይጠይቅ።

ነገሩ እስኪጣራ ሁለቱ አብረው መሥራት የለባቸውም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው እሷን «ትንሽ ቀን ረፍት ውሰጂ» ማለት ነው። ያ ቅጣት ነው፤ የቀን ሒሳቧ ይቀራል፣ ስሟ ይነሳል። ፈረቃ የሚቀየርለት፣ ቦታ የሚዛወረው የተከሰሰው ይሁን።

የተከሰሰውም ይደመጥ። ፍትሕ ለእሱም ነው። ያልተጣራ ወሬ ይዞ የሰውን ስም በገበያ ማዞር ሌላ ዙልም ነው። ለዚህ ነው በጓዳ የሚቀር ነገር ሳይሆን ማጣራት የሚያስፈልገው፤ ማጣራት ንጹሑንም ያድነዋል። ከተጣራ በኋላ ግን ውሳኔው ከአንድ ሳምንት አይለፍ። ማስጠንቀቂያ ይሁን ስንብት፣ እሷም ትወቀው።

አቤት በማለቷ ማባረር በሕግ ክልክል ነው። ሠራተኛ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በአሠሪው ላይ በተከፈተ ክስ መሳተፉ ሥራ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በአንቀጽ 26 አስቀምጧል።

መደፈር ከደረሰ ደግሞ ነገሩ ከአሠሪ አቅም በላይ ነው። ሳትዘገይ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው። ልብሷን አትጠብ። የምታምናት ሴት አብራት ትሂድ፤ ወደ ፖሊስም እንዲሁ።

እህቶቻችን ይህን ይወቁ

አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከፈጸመብሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችያለሽ። በዚህ ምክንያት ስትለቂ ከሥራ ስንብት ክፍያ በተጨማሪ የቀን ደመወዝሽ በ90 ተባዝቶ ካሣ ይከፈልሻል። በቀን 150 ብር የምታገኝ ልጅ ብትሆኚ 13,500 ብር ነው። ነገር ግን ጊዜ አለው፤ ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብቱ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ተንኳሹ የሥራ ባልደረባ ከሆነም፣ ለአሠሪው ተነግሮት በጊዜው እርምጃ ባለመውሰዱ ከለቀቅሽ የስንብት ክፍያ ይገባሻል። ስለዚህ ስትናገሪ ቀኑን ያዢ፣ ከተቻለም በጽሑፍ አድርጊው።

በየቤታችን ያሉት የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ጥበቃ ውጭ ናቸው። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን አይሸፍንም። ይህ የሕጉ ትልቅ ክፍተት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አብራ የምትኖር ሠራተኛን ጤንነትና ሥነ ምግባር አሠሪው እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ የወንጀል ሕጉም ለሁሉም እኩል ነው። ከሁሉ በላይ ግን የቤቷ እማወራ አለች። እህታችን ሆይ፣ ባልሽን ወይም ልጅሽን ስለምትፈሪ ሠራተኛዋን በሌሊት «ውጪልኝ» አትበያት። የሪያዷ እመቤት በእህትሽ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

«ሽማግሌ ይጨርሰው»፣ «ሰትር አድርጉ»

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይነሱብናል። የመጀመሪያው ሽምግልና ነው። ራያ በሽምግልናው የሚኮራ አገር ነው። ዘወልድ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታረቀ፣ ስንቱን ቂም ያደረቀ ሥርዓት ነው፤ አክብሮታችን ትልቅ ነው። ነገር ግን እርቅ የሚያምረው ሁለት እኩል ወገኖች ሲቀመጡ ነው። በአንድ በኩል የከተማው ነጋዴ፣ በሌላ በኩል ዘመድ የሌላት የ18 ዓመት ልጅ፤ ሽማግሌዎቹ በሙሉ የነጋዴው ወዳጆች፤ እሷ ግን በቦታው እንኳ የለችም። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ብር ተሰጥቷት ወደ አገሯ ስትሸኝ እርቅ ተባለ ማለት ነገሩ ተቀበረ ማለት ነው። አባቶቻችን ይህን እንዲያዩልን እንለምናለን። ሽማግሌ ልጅቷን ይስማ፣ ያለፈ ደመወዟን ያስከፍላት፣ ስሟን ይጠብቅላት፤ ወንጀሉን ግን ለሕግ ይተው።

ሁለተኛው «የሙስሊም ገበና ነው፣ ሸፍኑት» የሚለው ነው። ገበና መሸፈን ትልቅ ኸይር ነው። ግን የሚሸፈነው ሰው ተሰናክሎ በእሱና በጌታው መካከል ያለ ነውር ነው። የሌላ ሰው ሐቅ የተነካበት፣ ነገም ሌላዋን የሚነካበት ነገር ዙልም ነው። ዙልምን የሸፈነ ለበዳዩ በር ዘጋለት ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ወንድማችንን እንዴት እንደምንረዳው ሲጠየቁ ከበደሉ በመከልከል እንደሆነ ነግረውናል። ለዚያ ነጋዴ ወንድማችን ከማዘን በላይ የምንጠቅመው እጁን በመያዝ ነው። ለሙስሊም ስም የሚከፋው ነገሩ መሰማቱ ሳይሆን መደረጉ ነው።

ወጣቶቹ ምን እናድርግ?

ከጦርነቱ በኋላ በየቤቱ ስንት እናትና እህት ወደ ሥራ እንደወጣች በዓይናችን ያየነው ነው። አባት የሞተበት፣ ወንድም የጠፋበት ቤት የሚበላው ከእነሱ እጅ ነው። እነሱን ከሥራ ቦታ ማሸሽ ልጆቻቸውን ማስራብ ነው፤ ወይም በሐራ መንገድ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር መግፋት ነው።

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት እንጀምር። ሱቅ ያለን፣ የቤተሰባችንን ሆቴል የምናስተዳድር ካለን ነገ ጠዋት ሠራተኞቹን ሰብስበን ያችን ሁለት ደቂቃ ቃል እንናገር። ሻይ ቤት ተቀምጠን ጓደኛችን አስተናጋጇን ሲነካካ አብረን አንሳቅ፤ «ተው» እንበለው። ያየን እንደሆነ ምስክር ለመሆን አንፍራ። ኢማሞቻችንና ኡስታዞቻችን በአንድ ጁሙዓ ኹጥባ ስለ ሠራተኛ ሐቅ ሲናገሩ ይህንንም እንዲጨምሩ በአደብ እንጠይቃቸው። የወረዳው የሥራና ሥልጠና እንዲሁም የሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች የት እንዳሉ ለማታውቅ እህት እናሳያት፤ ብቻዋን ከምትገባ አብረናት እንሂድ።

ሁላችንም እረኞች ነን፣ ሁላችንም ስለተጠበቀልን መንጋ እንጠየቃለን። አምስት ሠራተኛ ያለው ስለ አምስቱ፣ አንዲት ሠራተኛ ያለችው ስለ አንዷ ይጠየቃል።

አላህ የተበደሉትን ሐቃቸውን ያስመልስላቸው፣ እኛንም ከበዳዮችና በበደል ፊት ዝም ከሚሉት አያድርገን። አሚን።